የአከራዬ አሻራ

ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስመደብ ቤት ያከራዩኝ ሴት፣ ብዙ ዓመት ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ሠርተው የመኖሪያ ወረቀታቸው ጊዜው ስላለፈበት ተይዘው የተመለሱ ነበሩ። አንዲት ሴት ልጃቸው እዚያው ቀርታለች። እኔ ከአገር ወጥቼ ስለማላውቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ማሾ ሲለቅሙ አጠገባቸው ቁጭ እልና እጠይቃቸዋለሁ።

«ድንበር ምን ይመስላል፣ እትዬ?»

«ምኑን አየሁት? ስሄድም በአውሮፕላን፣ ስመለስም በአውሮፕላን። እኔ የማውቀው ድንበር መስኮት ጋ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ነው። ጣትሽን አምጪ ይልሻል።»

ልጃቸው ማርገዟን በስልክ ስትነግራቸው «ሄጄ አርሳታለሁ» ብለው ተነሡ። ፓስፖርት ለማሳደስ ደሴ አብሬያቸው ሄድኩ። የአሻራ ማሽኑ ግን ጣታቸውን አላነብ አለ። ሠራተኛዋ በጨርቅ ጠራርጋላቸው ደግማ ሞከረች፤ አሁንም የለም። እጃቸውን ይዤ ሳየው የጣታቸው ጫፍ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል።

«በረኪና ነው» አሉኝ። «የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ ኖሬ።»

እጃቸውን ከበረኪና እንዲያርቁ፣ ጠዋት ማታ ቅባት እንዲቀቡ መከርኳቸው። ሰንብተን ስንመለስ ማሽኑ አነበበላቸው፤ ፓስፖርቱም ወጣ። ቪዛው ግን ሳይሆን ቀረ። አዲስ አበባ ሄደው አሻራ ሲሰጡ፣ ከዚህ በፊት ከዚያ አገር የተባረሩ ናቸው የሚል መልስ መጣ።

ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ጣቶቻቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ያያሉ።

«የገዛ አገሬ ስንት ተቀብቼ ነው የለየኝ። እነዚያ ወዲያው አወቁኝ። ምን ዓይነት ማሽን ቢኖራቸው ነው?»

እኔንም ይኸው እስካሁን ይገርመኛል።

ልጃቸው እናቷ አጠገቧ ሳይኖሩ ወለደች። ሕፃኗ አፏን ከፈታች በኋላ የእናትየዋም ወረቀት አልታደስ ብሎ ሁለቱም መጡ። ልጅቷ ከአረብኛ በቀር አታውቅም። በመጡ ሰሞን የአያቷን ቀሚስ እየጎተተች አንድ ነገር ደጋግማ ስትጠይቅ ሰማሁ።

«ምን እያለች ነው?» አልኳቸው።

«መቼ ነው ወደ አገራችን የምንመለሰው ነው የምትለው።»

«ምን አሏት ታዲያ?»

«ኢንሻአላህ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?»

ልጅቷን ብድግ አድርገው አዘሏትና፣ ከደብረ ሲና የሚወርዱትን ከባድ መኪናዎች ሊያሳዩዋት ወደ አስፋልቱ ይዘዋት ወጡ።