ማዳበሪያ የጠጣችው መኪና

ከቴፒ እስከ ሚዛን፣ የናፍጣ ሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ሲፈለግ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እንግሊዝኛውን የተማርኩት ከመኪና መመሪያ መጻሕፍት ነው፤ የመዝገበ ቃላቴ ገጾች በግራሶ ጠቁረዋል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች መጥተው ይጠይቁኛል፤ እመልስላቸዋለሁ።

የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ መንገዱ መበላሸት ያነሳሁት ጥያቄ አልተወደደልኝም። በማግስቱ ፖሊሶች ጋራዤ መጥተው ከመኪና ሥር በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። ያሰሩኝ በቀድሞ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ሳይቀር ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጀንፈል፣ ይሸታል። አጠገቤ የሚተኛው አስም ያለበት አስተማሪ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አስተማሪው መተንፈስ አቃተው። የጤና ባለሙያ አይቶት ሚዛን ሆስፒታል ይሂድ ብሎ ጻፈ። ግቢው ውስጥ ያለችው አንዲት አዲስ ፒካፕ ብቻ ነበረች። ይዛው ወጣች፤ ዳገቱ ላይ ጉልበት አጥታ ይዛው ተመለሰች። እሱን ወደ እኛ መለሱትና መኪናዋን መስኮታችን ሥር አቁመው ሞተሯን ያስጮሁ ጀመር። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። አስተማሪው ደረቱ እያፏጨ ፊቱን በጋቢ ሸፈነ።

ድምፁንና ጭሱን ለይቼ በመስኮቱ ሾፌሩን ጠራሁት።

«አንተ ልጅ፣ ጭሱን የሚያጣራው የዩሪያ ጋን ውስጥ ምን ጨመርክ?»

«ዩሪያ ነዋ፣ ጋሼ። አባቴ ለበቆሎ ከወሰደው ማዳበሪያ በውሃ በጥብጬ።»

«ለመኪና የተሰራውስ?»

«ታሽጎ ከኋላ አለ። እንዳያልቅ ብዬ ነው።»

የጠባቂዎቹ አለቃ ሳጅኑ «ሽማግሌ፣ ሞተር ላይ ደግሞ ስብሰባ ልትጠራ ነው?» አለኝ።

ነገሩን አስረዳሁት። ከሞተሩ የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሳንባ ይጎዳል። ማርሚታው፣ የጭስ መውጫው ማለት ነው፣ ውስጥ ካታሊስት የሚባል እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነገር አለ። ንጹሑ የዩሪያ ፈሳሽ እዚያ ሲረጭ አሞኒያ ይሆንና ያን መርዝ ወደ ተራ ናይትሮጅንና እንፋሎት ይለውጠዋል። የማሳ ማዳበሪያ ግን ቆሻሻ አለው፤ መርጫውን ይደፍናል። የመኪናዋ ኮምፒዩተር ይህን ሲያውቅ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል።

«እንግዲያው ቆርጠህ ጣለው» አለ ሳጅኑ።

«የሚያጣራ ነገር ቆርጬ አልጥልም። ሽቦ አገናኝቶ ኮምፒዩተሩን ማታለልም አውቃለሁ፤ አላደርገውም። ጭሱን የሚተነፍሰው ይሄ ሰው ነው።»

«እሺ፣ እንዳወቅህ ሥራት» ብሎ ሊያስረኝ ካቴና ይዞ አወጣኝ። እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«እጄ ታስሮ መፍቻ አልይዝም። ሚዛን በእግሩ እንዲሄድ ከፈለግህ እሰረኝ።»

አስተማሪው ከውስጥ እየተቆራረጠ «ሳጅን፣ እሺ በለው… ከሱ ጋር ተከራክሮ… የረታ የለም» አለ። ጠባቂው ሳቀ። ሳጅኑም ካቴናውን ኪሱ ከተተ።

ጋኑን አስደፋሁ፤ በተጣራ የባትሪ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። መርጫው ጫፍ ላይ እንደ ጨው የደረቀ ነጭ ነገር ነበር፤ ለብ ባለ ውሃ ቀስ ብሎ ሟሟ። የታሸገውን ፈሳሽ ሞላን። ሁለት ጊዜ አጥፍተን ስናስነሳት ጉልበቷ ተመለሰ፤ የዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራት ግን አልጠፋም። ሾፌሩ አስተማሪውን ደግፎ አስገባው። አስተማሪው በመስኮት «ጋሼ፣ ሳንባዬንም እርስዎ ቢሰሩት ኖሮ» አለኝ።

ዛሬ ሁለታችንም ተፈተናል፤ እሱ ያስተምራል፤ ሾፌሩ ደንበኛዬ ነው። የእኔ ጥያቄ አሁንም መልስ አላገኘም፤ መንገዱ እንዳለ አለ። ቢሆንም ጋራዤ በር ላይ ተቀምጬ የሚያልፉትን መኪኖች ሳዳምጥ ደህና ነኝ።

የዚያን ቀን ያደረግሁት ይህ ነው፦
በሽታዋን በመስኮት፣ ሳልነካት አወቅሁ።
ካታሊስቱን አዳንኩ።
ለአንድ ሳጅን ኬሚስትሪ አስተማርኩ፤ ከእኔ በፊት የሞከረ ያለ አይመስለኝም።
አንድ ሰው ሚዛን ደረሰ።
ከዚያ ሳሙና ጠይቄ እስከ ክንዴ ታጠብኩና፣ ማንም ሳይዘኝ፣ በራሴ እግር ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ።