«እኔን!» ያልተባለበት ዝላይ

ከኢትዮጵያ ምድር ከወጣው ሕዝብ ሁሉ ስለ ፊገር ስኬቲንግ፣ ስለዚህ የበረዶ ላይ ስፖርት፣ የእኔን ያህል የሚያውቅ የለም። ይህን ባልኩ ቁጥር ባለቤቴ «ተወዳዳሪዋ ተሽከርክራ ስትቆም ‹ጎል!› ብሎ የተነሳው ማን ነበር?» ትለኛለች።

ልጃችን የወተት ጥርሷ ሳይነቀል በረዶ ላይ መንሸራተት ስለጀመረች፣ የዓለም ውድድር ሲተላለፍ ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ያለው ሳሎናችን ለቅሶ ቤት ይመስላል። ከእኔ በቀር የሚናገር የለም። አንድ ቅዳሜ አንዲት የአሜሪካ ልጅ እንደ ላባ ተንሳፍፋ፣ አንዴም ሳትወድቅ ጨረሰች። አጨበጨብን። ነጥቡ ሲመጣ ግን ከጃፓኗ በታች፣ ከኮሪያዋ በታች፣ ባንዲራዋን ከማላውቃት ልጅ እንኳ በታች ሆነች።

«አልወደቀችም እኮ! ምን አድርጊ ነው የሚሏት?» አለች ባለቤቴ።

ይሄን ጊዜ ነው እኔን መስማት። «ችግሩ መውደቅ መፍራታችን ነው» አልኩ። «ሌሎቹ ልጆቻቸውን ከባዱን ዝላይ በጠዋቱ ያስጀምሯቸዋል፤ ሺህ ጊዜ ይወድቃሉ፣ ይለምዱታል። እኛ አገር ‹ቀላሉን ይዘሽ ሳትወድቂ ጨርሺ› ነው። ከባዱን የሚሞክሩት ቁመታቸው ከረዘመ፣ ሰውነታቸው ከተለወጠ በኋላ ነው። የሰፈር ዳኛ ደግሞ ደግ ነው፤ አየር ላይ ዙሩ ትንሽ ቢጎድል ያልፋል። ውጭ ሲወጡ ግን ካሜራው እያዘገመ ጫማቸውን ያያል፤ ለጎደለችው ሩብ ዙር ነጥብ ይቆረጣል!» «እኛ አገር» ስል አሜሪካን ማለቴ ነው፤ ክርክር ላይ ዜግነቴ ይጠነክራል።

ልጄ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ስታዳምጥ ነበር። «ታዲያ ዳዲ፣ ደብል አክስሉን ለምን ከለከልከኝ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እኛ ቤት በእንግሊዝኛ የመጣ ጥያቄ በቀልድ አይታለፍም።

ደብል አክስል ወደ ፊት እያዩ ተነስተው አየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል የሚዞሩት ዝላይ ነው። ልምምድ ላይ አንዳንዴ ይሳካላታል፣ አንዳንዴ በቂጧ ትቀመጣለች። ለክለቧ ውድድር ከዚህ ዝላይ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበረም። አሰልጣኟ ምርጫውን ለቤተሰብ ተወችው። እኔ ታዲያ ቀላሉን መርጬላት ነበር።

«መልስ እንጂ፣ ሊቁ!» አለች ባለቤቴ።

«እሺ፣ ዝለዪ» አልኩ።

«ግን ‹እኔን!› እንዳትል» አለች ልጄ። ይህችን ብቻ በአማርኛ አለቻት።

እውነቷን ነው። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» ማለት ለእኛ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ታስቦ አይወጣም። የእኔ ግን መደናቀፉን ይቀድማል። ልጄ ለመዝለል እግሯን ስታነሳ ገና እጮሃለሁ፤ በዚያ ቀዝቃዛ አዳራሽ ድምፄ ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል ድረስ ይሰማል። አሰልጣኟ እንደምትለው፣ ልጅቷ አየር ላይ ሆና ስትሰማኝ ትደነግጥና እጇን ትዘረጋለች፤ ሁለት ተኩሉ ዙር አንድ ሆኖ ያርፋል።

«ገና ሳልወድቅ ታነሳኛለህ» አለችኝ።

የውድድሩ ቀን ባለቤቴ ስካርፌን አፌ ውስጥ ጠቀጠቀችው። «ነክሰህ ያዝ!» ሙዚቃው ተጀመረ። ልጄ በሩቁ ጥግ ዞራ ፍጥነት ስትጨምር ሱፉን ነከስኩ። ትንፍሽ አላልኩም። የጫማዋ ብረት በረዶውን ሲፍቅ ተሰማ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ዱብ! ከዚያም ጭብጨባ። የሚኒሶታ ሰው ለወደቀም ለቆመም እኩል ስለሚያጨበጭብ ምንም አልገባኝም።

«ምን ሆነች?» አልኩ በስካርፉ ውስጥ።

«ወደቀች! ግን ሙሉውን ዞራ ነው የወደቀችው። ተነስታ ስትስቅ እያት!»

ስትጨርስ ጫማዋን ሳትፈታ እየሮጠች መጣች። ጉልበቷ ረጥቧል። «ዳዲ፣ አየኸው? ሙሉ ነበር አይደል?»

«ሙሉ ነበር!» አልኳት፣ የሱፍ ክር ከምላሴ እየለቀምኩ።

አላየሁትም። ልጄ ስትዘል ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ እስከ ዛሬ አንድም ዝላይዋን አይቼ አላውቅም።