በታሸገው ቤት የማልኩት መሐላ

ወታደሩ የታሸገውን በር በሰደፍ መትቶ ከፈተና «ግቡ» አለን። እኔና አንዲት ሴት ነን። ከእኛ ጋር የተያዙትን ሌሎች ማኪናው ጭኗቸው ሄዷል፤ ለእኛ ቦታ ጠፋ። ተመልሶ እስኪመጣ እዚህ ቆዩ ተባልንና በሩ ከውጭ ተዘጋ።

ቤቱን ከሩቅ አውቀዋለሁ። እኔ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ጥጥ እየፈተልኩ ነው ልጄን ያሳደግኩት። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ አልፎ አልፎ ቆሎ ይዤላት ወደ ግቢው ስወርድ፣ በባሕር ዛፎቹ መሀል አየዋለሁ። ፎቅ ነው፤ መስኮቶቹ ላይ ቆርቆሮ ተመቶባቸዋል። መግባት ክልክል ነው። በጣሊያን ጊዜ ሰው ተገርፎበታል፣ ሰይጣን አለበት ይባላል። ውስጡ ምን ይሆን እያልኩ ስንቴ ቆሜ አይቼዋለሁ።

የዚያን ቀን የወረድኩት ግን ቤት ለማየት አይደለም። ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጥተው ወታደር ግቢውን ሞላው፤ ልጄ የት እንዳለች የሚነግረኝ ሰው ጠፋ። በር ላይ ቆሜ ስጠይቅ ያዙኝ።

ክፍሉ የርግብ ኩስና አሮጌ ወረቀት ይሸታል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። አብራኝ የታሰረችው ሴት የተማሪዎቹ ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት።

«ለተማሪ ዳቦ ስትሰጪ ተገኘሽ አሉኝ» አለች። «ደሞዝ የሚከፍሉኝ ለምን መስሏቸው ነው?»

በስተግራ ሌላ በር አለ፤ ገርበብ ብሏል። ዓይኔ ከሱ አልነቀል አለ።

«ልየው እንዴ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ታስረሽ ነው ወይስ ቤት ልትከራዪ?»

ገባሁ። ግድግዳው ላይ ጀርባው የጠቆረ መስተዋት፤ ከሥሩ ትልቅ ነጭ የብረት ገንዳ። የገንዳው እግሮች የአንበሳ እግር ይመስላሉ።

«ሰዎቹ ከብቱን ቤት ውስጥ ነበር የሚያጠጡት?»

ሴትዮዋ ተከትላኝ ኖሮ ሳቀች። «ሰው ነው የሚታጠብበት። ተጋድሞ።»

«ተጋድሞ?»

«ተጋድሞ።»

ከገንዳው ወዲያ ደረጃ አለ። አቧራው ላይ የእግር ዱካ አየሁ፤ ባዶ እግር ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል። ሰይጣን ዱካ የለውም ሲባል ሰምቻለሁ። አማተብኩና ብቻዬን ወጣሁ።

ልጄ ከተሰበረ ቁም ሣጥን ኋላ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አቅፋ።

«እማዬ፣ ማን አሳየሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ታስሬ ነው የመጣሁት።»

አፏን በእጇ አፍና ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ልቅሶ ሆነ። በመቀነቴ የቋጠርኩትን ቆሎ ሰጠኋት። ርቧት ሳለ አልበላችም። «ሲቆረጠም ይሰማል» አለች። «አፍሽ ውስጥ አርሰሽ ብዪው» አልኳትና ወረድኩ።

ቆይቶ የወታደሮቹ አለቃ፣ አንድ አምሳ አለቃ፣ ገባ። ገና አፉን ሳይከፍት ከላይ ጣውላው ቋ አለ። ቀና ብሎ አየ።

«ርግብ ናት» አለች ወጥ ቤቷ።

እሱ ግን እግሬን አየ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ አቧራ ነኝ።

«ላይ ወጥተሻል። ማን አለ?»

«ማንም የለም፣ ጌታዬ።»

«ንጉሥ ይሙት በይ።»

ያኔ መሐላው ይህ ነበር። በችሎትም በገበያም ሰው የሚታመነው በዚህ ነው። እውነት ከሆነ ምንም የለውም፤ ውሸት ከሆነ ግን የንጉሡን ሞት መለመን ነው። በሐሰት የማለ ሳይመሽ ይቀሠፋል እንባል ነበር። እኔ ደግሞ ጃንሆይን እወዳቸዋለሁ፤ መንገድ ላይ ሲያልፉ መሬት ስሜላቸዋለሁ።

ተነሣሁ። ነጠላዬን አራግፌ፣ እንጦጦ ማርያም ስሳለም እንደማደርገው አጣፋሁት። አላጎነበስኩም።

«ንጉሥ ይሙት» አልኩ።

የንጉሡን ስም ሲሰማ እግሩን ገጥሞ ቆመ። ደረጃውን በበሩ በኩል ትንሽ አየው። ወጥቶ መፈተሽ በንጉሡ የተማለውን ሐሰት ነው ማለት ይሆንበታል። «ውጡ» አለን፤ «ማኪናው መጥቷል።»

ስንወጣ ወጥ ቤቷ ጆሮዬ ሥር «ርግቧ ያንቺ ናት?» አለች።

«የእኔ ናት።»

ጣቢያ ሰንብተን ተለቀቅን። ልጄ ሲጨልም፣ ቆርቆሮው ተገንጥሎ በገባችበት የጓሮ መስኮት ወጥታ አዲሱ ገበያ አክስቷ ቤት ደርሳ ኖሯል።

ንጉሡ ከዙፋን የወረዱ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ እኔ እንዝርቴን ማሾሬን ቀጠልኩ። ልጄ አሁን ራሷ እናት ሆናለች፤ ትቀልድብኛለች። «እማዬ፣ እኛ የጮኽነው መሬት ለአራሹ ብለን ነው። ይሙት ያልሽው አንቺ ነሽ» ትላለች። እስቃለሁ። ያ ገንዳ የት ወድቆ ይሆን እላታለሁ፤ ወሬውን ለማስቀየር።

በየጸሎቴ ለጃንሆይ ነፍስ እማልዳለሁ። ግን ያ አምሳ አለቃ ዛሬም መጥቶ ማይ ቢለኝ ያንኑ እንደምምል፣ በቃ፣ ከሳቸውም አልደብቅም።