የስኳር ፋብሪካው ማሊያ

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ሂልብሮው የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ፎቅ ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በኮሮናው ሎክዳውን ጊዜ ነው፤ ማስክ ያደረጉ አንዲት ነጭ አሮጊት ዳቦ ሊገዙ መጡና ዳቦውን ትተው ደረቴን ማየት ያዙ። የለበስኩት ከጀፕስታውን ገበያ፣ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ያወጣሁት፣ የጭስ ማውጫ የተጠለፈበት አረንጓዴ ማሊያ ነው። የየት አገር ቡድን እንደሆነ አላውቅም። በማግስቱም መጥተው አፈጠጡብኝ። መቆሚያ አሳጡኝ።

«ማማ፣ ምን ላድርግልዎት?» አልኳቸው።

«የኛ ቡድን ነው» አሉ።

ዩክሬን ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት ቡድን ነው አሉኝ። አንድ ጊዜ የዋና ከተማውን ቡድን አሸንፎ፣ በማግስቱ ፋብሪካው የገባ ሠራተኛ አልነበረም። ማሊያ የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ቡድኑም ፈረሰ።

«የዚያን ቀንም እንደ ልማዴ አጥቤ አሰጣሁ» አሉ። «መጥቶ የወሰደ የለም።»

ጓዳ ገብቼ ሸሚዝ ቀየርኩና ማሊያውን በፌስታል አድርጌ ሰጠኋቸው። እንቢ ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ወዲያው ተቀበሉኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቆጨኝ፤ እወደው ነበር።

በማግስቱ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ማሊያው ታጥቧል፣ ደርቋል» አሉኝ።

«የሰጠሁት እኮ ለእርስዎ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ወደ ደረጃው እያሳዩኝ። «ስድስተኛ ፎቅ ነኝ። እባክህ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ይውሰድልኝ።»