በሂና የሸፈንኩት የነጅማ ጥፍር

ነጅማ ሞተች አሉኝ።

የቷ ነጅማ? አልኩ። ሌላ ነጅማ የማውቅ ይመስል። ትናንት ከቀትር በኋላ ሳሎኔ በር ላይ ቁጭ ብላ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ነበር እኮ። ጠርሙሱ አሁንም እዚያው ነው።

ከቤቴ፣ ከአርሂባ ሰፈር፣ እስከ ሳሎኔ ሰፈር ካርቲየ 4 በምን እንደደረስኩ አላውቅም። የእናቷ ለቅሶ ከላይ ይሰማል። እሷ ሁልጊዜ የምታርፍበት አራተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ነጅማ ከውበት ሳሎኔ በላይ ፎቁ ላይ የሚኖሩት፣ ከሐረር መጥተው ጨርቅ የሚነግዱት ቤተሰብ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዳውን ሲንድረም ጋር ነው የተወለደችው። ሰፈሩን በሙሉ በስሙ ትጠራለች፤ በአማርኛ ታኮርፋለች፣ በሶማሊኛ ትሳደባለች፣ ከፈረንሳይኛ የምታውቀው «መርሲ»ን ብቻ ነው።

ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቁጢጥ ትላለች፣ ጉልበቷን አቅፋ። እናቷ እትዬ ሐሊማ ከላይ «አቦ ቶሎ በይ እንጂ!» ሲሏት እጇን ታነሳና፦

«ቆይ እማዬ፣ ልቤ ይቀመጥ።»

ሁላችንም እንስቅ ነበር። ስንፍናዋን የምታሳምርበት ዘዴ ነበር የመሰለን።

የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ እየጨፈረች ድንገት መሃል ላይ ቁጢጥ አለች። ሴቶቹ አዲስ ጭፈራ መስሏቸው እልል እያሉ ዙሪያዋን አብረው ቁጢጥ አሉ። ቪዲዮውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ልጅቷ ትንፋሽ እየፈለገች ነው፣ እኛ እናጨበጭባለን።

አሁን የምጽፈው ይከብደኛል። ካልጻፍኩት ግን ያንቀኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት እጇን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና «አሳምሪያቸው፣ ክፉ ሆነዋል» አለችኝ። ጥፍሮቿ ሰማያዊ ነበሩ። የእስክሪብቶ ቀለም መስሎኝ በአሴቶን ፈተግኳቸው፤ አልለቅም አሉ። የጣቶቿ ጫፍም እንደ ከበሮ መምቻ ክብ ብሎ አብጧል። እንዲህ ያሉ ልጆች ጣታቸው እንዲህ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለነጅማ ነገር ሁሉ መልሳችን ይኸው ነበር። ደከማት? የእሷ ነገር ነው። እንቅልፍ አበዛች? የእሷ ነገር ነው።

ሂና በጠበጥኩና ጣቶቿን አንድ በአንድ አሰርኩላት። ስፈታው ጥፍሯ ቀይ ሆኗል። እየሳመችው ሄደች፣ እናቷም ከላይ ሆነው «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጥፍሯ ባደገ ቁጥር እየመጣች፣ ከሥሩ ብቅ የምትለዋን ሰማያዊ መስመር እሸፍንላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ።

አምና ደረጃው ላይ ስትወድቅ፣ ፈረንሳይኛ ስለምችል አብሬያቸው ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ እጇን ይዞ ቀዩን አየ፣ ከዚያ ከሥሩ ያልተቀባውን አየ።

«ይህን ማን ነው የቀባት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ማዳመጫውን አንስቶ ደረቷ ላይ አደረገ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልቧ ላይ ከተወለደች ጀምሮ ቀዳዳ ነበር። እንደ እሷ ያሉ ብዙ ሕፃናት ይዘውት ይወለዳሉ፣ በጊዜ ከታየ በቀዶ ጥገና ይዘጋል አለ ሐኪሙ። አሁን ግን ሳንባዋን ጎድቶታል፤ እንዝጋው ቢባል ራሱ መዝጋቱ ይገድላታል። ቁጢጥ የምትለውም ትንፋሽ ለማግኘት ነው። ይህን ሁሉ ለእናቷ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሐሊማ እስኪያልቅ ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«እንዲያ ከሆነ፣ ልጄ ሰነፍ አልነበረችም ማለት ነው?»

ለሐኪሙ መተርጎም አቃተኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ የሚስቅ ጠፋ። እሷ ቁጢጥ ስትል ቤቱ በሙሉ እስክትነሳ ይጠብቃል። ሐኪሙ ጥፍሯን ሂና እንዳታስነኩት፣ ቀለሙን ተከታተሉ ስላለን፣ በየጠዋቱ ሳሎኑን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እጇን ሆነ። በዚህ ሐምሌ ሙቀቱ ሲበረታ፣ መብራትም እየሄደ ሲያስቸግር፣ ቀለሙ በየቀኑ ይጠቁር ጀመር። እሷ ግን ሂና ትለምነኛለች። እምቢ ስላት «ክፉ ነሽ» ብላ ታኮርፋለች።

ትናንትም ለመነችኝ። ጥፍሯ ጥቁር ነበር ማለት ይቻላል። ነገ በማለዳ ወንድሟ በመኪና ክሊኒክ ሊወስዳት ተነጋገርን። እሷን ደግሞ ዝም ለማሰኘት «ነገ እቀባሻለሁ» አልኳት።

ነገ ማለት ዛሬ ነው።

እንደ ነጅማ ያለ ልጅ በቤታችሁ ካለ እባካችሁ ልቡን ዛሬውኑ አስመርምሩ። ደከመኝ ሲል እመኑት። የእሱ ነገር ነው አትበሉ፣ እኛ ብለን አየነው።

ነጅማዬ፣ አላህ ጀነትን ይስጥሽ። ሸፍኜብሽ ስለኖርኩት ይቅር በይኝ። በመጨረሻ የከለከልኩሽንም ይቅር በይኝ። ላይሽ ስገባ ሴቶቹ እጅሽን አስቀድመው ሸፍነውት ነበር፤ ገልጬ ለማየት አልደፈርኩም።

አሁን ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ፣ እህቴ። ደክሞሽ መሃል ላይ ብትቀመጪ ማንም ቶሎ በይ አይልሽም። ልብሽ ይቀመጥ።