ፊቱ የሚጠፋበት ሰዓት

ልጅ ሳለሁ፣ ከመንደራችን ወደ ደሴ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ፣ ከገደሉ አንድ ሽማግሌ ቁልቁል ያየን ነበር፤ ግንባር፣ ሁለት ዐይን፣ አፍንጫ፣ ጠመም ያለ አፍ ያለው የድንጋይ ፊት። አትክልት ወደ ሰኞ ገበያ የሚያወርዱ ሴቶች «አሰላሙ አለይኩም» ሳይሉት አያልፉም።

መብራት በጠፋ ምሽት አክስቴ ዘይነባ ከኩራዙ አጠገብ ተቀምጣ፣ ፍሙን እየቆሰቆሰች፣ ታሪኩን ታወራልን ነበር። ለድሃ ሰላምታ የነፈገ ባለጸጋ ነው አሉ፤ ድንጋይ ሆኖ የአላፊ አግዳሚውን ሰላምታ ይለምናል። ሌሎቹ ልጆች በተረቱ ሲስቁ እኔ ጭሱን ሰበብ አድርጌ ፊቴን እሸፍናለሁ። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ወደ ከተማ እመላለስ ስለነበር፣ አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ያ ፊት ያፈጥብኛል። በሦስተኛው ሳምንት አልሄድም አልኩ። አባቴ «እንግዲያው ትቅር» አለ፤ እሱስ ጎመን የሚኮተኩትለት ሰው መች ጠላ።

በነጋታው አክስቴ እጄን ይዛ በዙሁር፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ገደሉ ሥር ወሰደችኝ።

«እስቲ አፍንጫውን አሳዪኝ» አለች።

ብፈልግ የለም። ዐይኑ ጉድጓድ፣ አፉ ስንጥቅ፣ አፍንጫው የማታ ፀሐይ የምትጥለው ጥላ ኖሯል።

«ተረቱ የኔ፣ ጥላው የፀሐይ። ወላሂ፣ ድንጋዩ ምንም አላደረገሽ።»

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ተመላለስኩ።

ዓመቱ ሳያልቅ የሳይንስ መምህራችን መንኮራኩር የማርስን መሬት ከላይ ያነሳችውን ፎቶ አሳዩን፤ ቁልጭ ያለ የሰው ፊት። ማን ቀረጸው፣ ጂን ነው፣ ሰው ነው እየተባለ ክፍሉ ተንጫጫ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ፀሐይ አዘንብላ ሳለ የተነሳ ነው። በዙሁር ቢያነሱት ይጠፋል።»

«ማርስ ላይ ዙሁር» እያሉ ሳቁብኝ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ከዓመታት በኋላ በሌላ ብርሃን፣ ጥርት ብሎ የተነሳውን ሁለተኛ ፎቶ አወጡ። ተራ ኮረብታ ነበር። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ እስከ ቤቴ ሮጥኩ። አባቴም ጎመኑን ረስቶ «ልጄ ማርስን አወቀች» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። አክስቴ ብቻ «ታዲያ ያንን የማርሱን ሰላም የሚለው አለ?» አለችኝ።

ዛሬ ኮምቦልቻ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ወደ መንደሬ በወጣሁ ቁጥር ፊቱ ጥላ መሆኑን እያወቅሁ ሰላም እለዋለሁ። ማርስ ቀይ ኮከብ መስላ ሰማይ ላይ ከታየችኝ ደግሞ አንዲት ሰላምታ ለዚያኛው ፊት እጨምራለሁ።