ምስማር የሌለው ዴንዲ

ኡስታ ማትያኩብ ዕድሜውን ሙሉ በኺቫ ከተማ ግንብ ሥር ቁርአን የሚዘረጋበትን ተጣጣፊ አትሮኖስ ሲቀርጽ ኖሯል። ከአንድ ጣውላ ብቻ፣ ያለ ምስማር፣ ያለ ሙጫ። ማጠፊያውን የሚፈለቅቅበት ሰዓት ሲደርስ ግን ለልጁ ለእንቲዞር ጀርባውን ይሰጣታል።

«ምስጢር የኡስታ ነው፤ ላልታጠቀ አይገለጥም» ይላታል።

መታጠቅ ማለት ተማሪው ሙያውን ሲጨርስ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ መምህሩ ወገቡን በጨርቅ አስሮ የሚመርቅበት ሥርዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ኡስታ ተብሎ ይጠራል። ወንድሟ ኩዋንዲክ ገና ጢም ሳያበቅል ታጠቀ። በግ ታረደ፣ ሰፈር ተጠራ። ዛሬ መታጠቂያውን የመኪናው መስታወት ላይ አንጠልጥሎ ኡርጌንች ከተማ ታክሲ ይነዳል። እንቲዞር ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፤ ሥራዋ አሁንም ሌላው የቀረጸውን ማለስለስ ነው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚለው ተረት ኺቫም ደርሶ ኖሯል! እኔ በበኩሌ ያንን ተረት የፈጠረው አንድ ሥራ ፈት ወንድ እንደሆነ አልጠራጠርም።

አንድ ጠዋት የሻይ ቤቱ ባለቤት ሩዝማት ዴንዲውን በፌስታል ይዞ መጣ። ዴንዲ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የድሮ ጌም ነው። ያኔ ልጆች የነበሩ፣ ዛሬ ቦርጫም አባቶች የሆኑ ሰዎች ሩዝማት ቤት ተኮልኩለው እየተሰዳደቡ ይጫወቱበታል። ከእነሱ አንዱ ተሸንፎ በንዴት ሲቀመጥ ያረፈው ዴንዲው ላይ ነበርና ቀፎው ደቀቀ። ውስጡ ግን ደህና ነበር።

«ኡስታ፣ ገበያ ያለው የፕላስቲክ ቀፎ ሁሉ አልገጥም አለኝ። በእንጨት ብትሠራልኝስ?»

«ቁርአን በሚያርፍበት እንጨት ለአሻንጉሊት ቀፎ? ሂድ ወዲያ! ቦርጭህን ይዘህ ውጣልኝ!»

ሩዝማት በሩ ላይ ሳይደርስ እንቲዞር ጠራችው። «ጋሼ ሩዝማት፣ ወዲህ አምጣው።»

«ማን ፈቅዶልሽ?» አለ አባቷ።

«አትሮኖስ አትቅረጪ ተባልኩ፣ አልቀረጽኩም። ዴንዲ አትቅረጪ ያለኝ ግን የለም።»

«የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው!»

«እሱንማ ኩዋንዲክ ጨርሶታል፣ አባዬ።»

ጉጁም ከሚባለው የአገሩ ዛፍ የተሰነጠቀ አሮጌ ጣውላ አነሳች። ጉጁም ደረቅ ነው፤ እሷ ባሰች። ማጠፊያውን ማንም አላስተማራትም። ተሰብሮ ማገዶ ላይ የተጣለ አትሮኖስ አግኝታ፣ ክረምቱን ሁሉ በጣቷ እየዳበሰች የተማረችው ነው። የመጀመሪያውን ቀፎ ድፍን አድርጋ ሠራችው። ማሽኑ ውስጡ ጋለና እንጨቱ መሽተት ጀመረ። አባቷ ሳቀ። ሳቁ አንገበገባት። ቀፎውን ምድጃ ውስጥ ወርውራ ሌላ ጣውላ አወረደች።

በሁለተኛው ላይ አየር እንዲገባ የሐረግ ጌጥ ቀርጻ እስከ ውስጥ ድረስ ፈለፈለችው። ከቅጠሎቹም አንዷን እንድትንሸራተት አድርጋ ቀረጸች። ያቺ ቅጠል ስትገፋ ቀፎው እንደ አትሮኖስ ለሁለት ይከፈታል። ካልተገፋች መክፈቻው የት እንዳለ አይታይም።

ሩዝማት ሊወስደው የመጣ ቀን ኡስታ ማትያኩብ ቀድሞት አነሳው። እንከን ፍለጋ ነው እንጂ ለማድነቅ አይደለም።

«ምስማሩ የታል?»

«የለም።»

አሸተተው። «ሙጫስ?»

«የለም።»

ገለበጠው። መልሶ ገለበጠው። በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። የቀዳው ሻይ ቀዘቀዘ። ሩዝማት ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ።

«እንዴት ነው የሚከፈተው?» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል።

እንቲዞር ይህችን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

«ምስጢር የኡስታ ነው ብለኸኛል። እኔ ኡስታ ካልሆንኩ ይሄ ምስጢር የለውም ማለት ነው። እንግዲያው ክፈተው።»

ኡስታ ማትያኩብ ቀፎውን አስቀመጠ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፤ የራሱን መታጠቂያ ይፈታ ጀመር።

«ነይ እዚህ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ንቅንቅ አላለችም። «በጓዳ አልታጠቅም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ለኩዋንዲክ ያደረግከውን።»

ሩዝማት እንኳ ሳቁን ረሳው። ኡስታ ማትያኩብ መታጠቂያውን መልሶ አጠበቀና የቀዘቀዘውን ሻይ ጨለጠው።

«ለኩዋንዲክ ስንት ሰው ነበር የጠራነው?»

«ሰፈሩን በሙሉ» አለችው። «ሻዩን የቀዳሁት እኔ ነበርኩ።»